ዳኝነቱን ያስቀረው በሬ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንድ ገበሬ ከአንድ ቄስ ጋር ያወራል።

«ለቀበሌያችን ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ሊመርጡኝ ነበር፣ አባ።»

«ታዲያስ?»

«‹ተቃውሞ ያለው?› ሲባል፣ በሬ በዱቤ የሰጠችኝ ጎረቤቴ ተነሳች።»

«ተቃወመችህ?»

«ኧረ ደገፈችኝ! ‹ይመረጥልኝ፤ የድንበር ክሴን ቶሎ ካየልኝ ዕዳውን ምሬዋለሁ› ብላ እርፍ።»

«አይ እሷ! ክፋት የላትም እኮ።»

«የላትም። ሕዝቡ ግን ‹ባለዕዳዋ እንዴት ይዳኛታል?› ብሎ ጣለኝ።»

«እውነታቸውን ነው።»

«እኔስ መች ሐሰት ነው አልኩ?»

«አሁን ወዴት ነህ?»

«ቡሬ ገበያ። ወንድሜ በሬውን እየነዳ ቀድሞኛል፤ ሸጬ እከፍላታለሁ።»

«ክረምት ሊገባ? በምን ልታርስ?»

«እንጃ፣ አባ። ስሜ ግን በሰው ፊት በዕዳ ተነስቷል።»

ቡሬ ልንገባ ስንል ቀይ በሬ የሚነዳ ሰው አልፈን ሄድን፤ እስኪሰወር ድረስ አንገቴን አዙሬ በሬውን አየሁት።