ሬኖ ይሰማ ይሆን?

ዓይኔን ልታይ ሊየዥ ከተማ ወደሚገኝ ሆስፒታል በሄድኩበት ቀን፣ ጎረቤቴን ሙሴ ጊስላንን መተላለፊያው ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንጋይ ሲፈልጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው ሬኖ ጣሪያ ሲጠግን ወድቆ ጭንቅላቱን ከተጎዳ ወዲህ፣ ዓይኑን ቢገልጥም ምንም አያውቅም ይባል ነበር።

«እንዴት ዋሉ?» አልኳቸው።

«ምን እውላለሁ መምህር፤ ልጄን በኤሌክትሪክ ሊጠብሱብኝ ነው።»

አጠገባቸው የቆመችው የእህታቸው ልጅ ማዬል የአንጎል ሐኪም ናት። ቁጣ ሳይታይባት መለሰች።

«የሚጠበስ ነገር የለም አጎቴ። ራሱ ላይ እርጥብ ስፖንጅ አድርገን በጣም ደካማ ኤሌክትሪክ ነው የምናሳልፈው። ቢበዛ ቆዳውን ያሳክከዋል።»

«ደሙንስ የምትቀዱት ለምንድን ነው? የተመታው ጭንቅላቱን፤ እናንተ የምትወጉት ክንዱን።»

«የአንጎል ነርቮች ሲጎዱ ከውስጣቸው የሚወጣ ፕሮቲን አለ፤ ጥቂቱ ደም ውስጥ ይገባል። ሬኖ ደም ውስጥ መጀመሪያ በጣም ብዙ ነበር፤ አሁን ቀንሷል። ጉዳቱ እየበረደ ይመስላል።»

«ይድናል በይኛ።»

«እሱን አላውቅም። ኤሌክትሪኩም የሚረዳው አንዳንዱን ሰው ነው።»

«አላውቅም ለማለት ነው ይህን ሁሉ ዘመን የተማርሽው?»

«አላውቅም ማለትንም የተማርኩት እዚያው ነው፣ አጎቴ።»

እኔም መሐል ገባሁና፣ «ሙሴ ጊስላን፣ የሚጎዳው ነገር ከሌለ መከልከሉ ማንን ይጠቅማል?» አልኳቸው። ብዙ አጉረመረሙ፤ በመጨረሻ ግን ፈቀዱ።

ሕክምናው ሳምንታት ከወሰደ በኋላ አንድ ጠዋት አብሬያቸው ገባሁ። ማዬል አልጋው ላይ ጎንበስ ብላ፣ «ሬኖ፣ አውራ ጣትህን አንሳልኝ» አለችው። ጠበቅን። ጣቱ ቀስ እያለ ተነሳ።

«ጡንቻው ነው የዘለለው» አሉ ሽማግሌው።

«እንግዲያው እርስዎ ይጠይቁት።»

ወደ አልጋው ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ አባትህ መሆኔን ካወቅህ አንሳው» አሉት። አነሳው። «አሁን ደግሞ አታንሳው።» አላነሳውም። «እሺ፣ አሁን አንሳው።» አነሳው።

ሙሴ ጊስላን ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ።

«እዚህች ቦታ ቆሜ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «ከቄሱ ጋር የመቃብሩን ቦታ ተነጋግሬያለሁ። አጠገቡ። ድምፄን እንኳ አልቀነስኩም።»

እኔም ራሴን ጠየቅሁ። «አያውቅም» ስለተባለ ብቻ በቁሙ የቀበርነው ሰው ስንት ይሆን?

ማዬል፣ ለውጡን ያመጣው ኤሌክትሪኩ ይሁን ጊዜው አሁንም በእርግጠኝነት አትናገርም። ሬኖም ጣሪያ ላይ ዳግመኛ አይወጣም። ነገር ግን ሲያመው በጣቱ ምልክት አመመኝ ይላል፤ የሚበላውን ይመርጣል፤ የማይወደው ሰው ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል። ደሙ ባይመረመር፣ ሕክምናው ባይሞከር፣ ከሁሉም በላይ ደጋግሞ የሚጠይቀው ሰው ባይኖር ይህን ማን ያውቅለት ነበር?

በቅርቡ አንዲት ዘመዳቸው ልትጠይቀው መጥታ፣ «ለመሆኑ ይህ ምስኪን ይበርደው ይሆን?» ብላ ሙሴ ጊስላንን ጠየቀቻቸው።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ «ይቅርታ እመቤቴ» አሏት፤ «እሱን ጠይቂው።»