የኦቦ ዋሪዮ መሐላና የዲንኪቱ እግር

በ1980 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ በነገሌ የገበያ መንገድ ስሄድ ኦቦ ዋሪዮን አገኘኋቸው። ኦቦ ዋሪዮ በአህያ ጋሪ ውሃ እያመላለሱ ለከተማው ሰው የሚሸጡ፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ጎረቤቴ ናቸው። በዚያን ቀን ግን ጋሪም አህያም አልያዙም። ተሸክመው የነበረው የልጅ ልጃቸውን ዲንኪቱን ነው። የአምስት ዓመቷ ልጅ ትከሻቸው ላይ ጉብ ብላ፣ እጆቿን ግንባራቸው ላይ አጣምራ፣ ገበያውን ለጉብኝት እንደመጣ ሹም ከላይ ሆና ታየዋለች።

«ናጋ፣ ኦቦ ዋሪዮ። ልጅቱ እንዴት ናት?» አልኳቸው።

«ናጋ፣ መምህር። ዋቃ ይመስገን፤ ጀሶው ከወለቀ ሦስት ሳምንት ሆነው። ቁስሉም ደርቋል።»

«ታዲያ ለምን አትራመድም?»

ሽማግሌው ቆም ብለው አዩኝ። «አንተ አይደለህም እንዴ መሬት አታስነኳት ያልከኝ?»

እዚህ ላይ ጥፋቴን መናገር ይገባኛል። ከሦስት ወር በፊት ኦቦ ዋሪዮ ከጋሪ ያወረዱትን ሙሉ በርሜል በድንጋይ ሳያስደግፉ ወደ ቤት ገቡ። በርሜሉ ተንከባለለና ደጅ የምትጫወተውን ዲንኪቱን ቀኝ እግሯን ደፈጠጠው። ሁለት አጥንት ተሰበረ፤ ቆዳዋም ተገሸለጠ። ሆስፒታል ተኝታ ታከመች፤ ቁስሏ ታጥቦ ተሰፋ፣ እግሯም በጀሶ ታሰረ። ያን ጊዜ ሽማግሌው በመንደሩ ሰው ፊት፣ «ይህች እግር እስክትድን መሬት አትነካም። እግሯ እኔ ነኝ» ብለው ማሉ። እኔም ሳይጠሩኝ አቤት፣ ሳይልኩኝ ወዴት የምል ሰው ስለሆንኩ፣ «ትክክል ነው፤ የተሰበረ ነገር የሚፈልገው ዕረፍት ነው» ብዬ አጸናሁላቸው። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ስለ አጥንት የማውቀው እሳቸው ከሚያውቁት አይበልጥም፤ መነጽሬ ግን ሰው ያሳስታል።

«አሁን ወዴት ነው?» ስል ጠየቅኋቸው።

«ክሊኒክ። ጤና ረዳቷ አስጠርታኛለች። ና፣ አብረን እንሂድ፤ አንተ ካለህ ነገሩን ታስረዳልኛለህ።»

ተከተልኳቸው፤ ማስረዳቱ ግን በኋላ አሳፈረኝ።

ጤና ረዳቷ ብርሃኔ የወደራ ልጅ ናት። አባቷ የመካነ ኢየሱስ ሰባኪ ናቸው፤ እሷም ረጋ ብሎ መናገርን ከእሳቸው የወረሰች ትመስላለች። ዲንኪቱን አልጋ ላይ አስቀመጠችና ሁለቱን እግሮቿን ጎን ለጎን ዘረጋች። የቀኙ ባት ከግራው ቀጥኗል። ከዚያ ልጅቱን ደግፋ ስታቆማት የቀኝ ተረከዟ ወለሉ ላይ አልደርስ አለ። በጣቶቿ ብቻ ቆመች።

«አዩት፣ ኦቦ?» አለች ብርሃኔ። «ራጁን ያየው ሐኪም አጥንቱ ደኅና ገጥሟል፣ ትቁም፣ ትራመድ ብሎ ነበር። አላራመዷትም።»

«ገና ናት፤ ያማታል።»

«ያማታል፤ እውነት ነው። ነገር ግን እንዲሁ በትከሻዎ ላይ ከሰነበተች ጅማቱ ያጥራል። ያን ጊዜ ዕድሜ ልኳን ታነክሳለች።»

ኦቦ ዋሪዮ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም የተማረ ሰው እርዳታ ይኸው ብዬ፣ «ጤና ረዳቷ የሚሉት፣ ያልሠራ ማሽን ይዝጋል እንደ ማለት ነው» አልኩ።

«ልጄ ብረት አይደለችም፣ መምህር» አሉኝ።

መነጽሬን አውልቄ መጥረግ ጀመርኩ።

«ልጄ ብርሃኔ፣ ስሚኝ» አሉ ሽማግሌው። «በርሜሉን ያላስደገፍኩ እኔ ነኝ። ስትጮህ የሰማሁት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ አስለቅሻታለሁ፤ ይበቃል። አሁን ደግሞ በገዛ እጄ አቁሜ ላስለቅሳት?»

«ሐዘንዎ ይገባኛል፣ ኦቦ። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከብት ነበረዎት?»

«ነበረኝ እንጂ። ብዙው አለቀ። ጥቂት ተረፈ።»

«የተረፉት እንዴት ተረፉ?»

ሽማግሌው ስለ ከብት ሲጠየቁ ድምፃቸው ጠነከረ። «እያነሣናቸው ነዋ። ሳዓ፣ ማለት ላሟ፣ ስትከሳ ትተኛለች። ጠዋት ጠዋት ጎረቤት እንሰበሰባለን። አንዱ ጭራዋን ይይዛል፣ አንዱ ቀንዷን፣ ሁለቱ ከሆዷ ሥር እንጨት ያስገባሉ። ‹ካኢ፣ ተነሽ› ብለን ባንድ ጊዜ እናቆማታለን።»

«ደካማ ናት እኮ። ለምን አላሳረፏትም?»

«ምን ማለትሽ ነው? ላም ተኝታ ከሰነበተች እግሯ ይሞታል። ሣር አፏ ድረስ ብታመጪላት እንኳ አትነሣም። የቦረና ልጅ ሁሉ ይህን ያውቃል።»

«ስታነሷት አትጮህም ነበር?»

«ትጮኻለች። ቢሆንም ካልቆመች...»

ኦቦ ዋሪዮ ንግግራቸውን አልጨረሱትም። የዲንኪቱን ቀጭን ባት አዩ፤ በአውራ ጣታቸውም ዳሰሱት። ብርሃኔ ምንም አልጨመረችም፤ በዚህ በጣም አደነቅኋት። እኔ ብሆን ኖሮ ወዲያው ስብከት እጀምር ነበር።

ሽማግሌው ቀና ብለው፣ «መሐላዬስ?» አሉ። «በአማርኛችሁ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ትላላችሁ። በሰው ፊት ምያለሁ።»

«ሲምሉ ለማን ብለው ነው፣ ኦቦ? ለእሷ ነው ወይስ ለራስዎ?»

ይህን ጥያቄ እኔ ለሽማግሌ ለማቅረብ አልደፍርም። ኦቦ ዋሪዮ ግን አልተቆጡም። «ለራሴ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እንዲከብደኝ ፈልጌ ነው። በተሸከምኳት ቁጥር ጥፋቴ የሚቀልልኝ ይመስለኝ ነበር።»

«ቅጣቱ ግን በእሷ እግር ላይ ነው ያረፈው» አለች ብርሃኔ።

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ያን ጊዜ እኔም መናገር ያለብኝን ተናገርኩ። «ኦቦ ዋሪዮ፣ የመጀመሪያው ጥፋተኛ እኔ ነኝ። የማላውቀውን እንደማውቅ ሆኜ መከርኩዎ። ይቅር ይበሉኝ።»

«አንተ የበደልከኝ እኔ የሰማሁህን ያህል ብቻ ነው» አሉና ፈገግ አሉ። «አሁን አሳዪኝ፣ ልጄ።»

ብርሃኔም አሳየቻቸው። ጠዋትና ማታ እግሯ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይቆይ፤ ከዚያ የእግሯን መዳፍ ወደ ላይ ቀስ አድርገው ይሳቡት፣ ዐሥር ጊዜ። አልጋ ይዛ ትቁም፤ ነገ አምስት እርምጃ፣ ከነገ ወዲያ ሰባት። እግሯ ካበጠ ከፍ አድርገው ያሳርፉት፤ ቢቀላ ወይም ቢያተኩሳት ሳይውሉ ሳያድሩ ያምጧት። ዲንኪቱ የአልጋውን ብረት ጨብጣ ስትቆም አለቀሰች። ኦቦ ዋሪዮ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ እጃቸው ግን አላነሣትም።

በዚያው ከሰዓት በኋላ መሐላውን የሰሙትን ጎረቤቶች ግራሩ ሥር ሰበሰቡ። «ልጅቱን ላድን ብዬ ምዬ ልጅቱን አሰርኳት። በፊታችሁ እፈታዋለሁ» አሉ። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ኦቦ ሀላኬ፣ «ልጅን የሚጎዳ ቃል መፈታት አለበት። ፈትተንልሃል» ብለው መረቁ። ለመሳለቅ የመጣ ሰው ቢኖር እንኳ ሳይናገር ሄደ።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ከአጥሩ ማዶ «አንድ፣ ሁለት» ሲሉ እሰማ ነበር፤ ሽማግሌው ከእኔ ተማሪዎች ይልቅ በጥንቃቄ ይቆጥራሉ። አንዳንድ ቀን ልቅሶ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ሳቅ። በሰኔ ተረከዟ መሬት ደረሰ። ኦቦ ዋሪዮም ወደ ጋሪያቸው ተመለሱ፤ ውሃ የተጠማው ሰፈር ሁሉ ደስ አለው። ክሊኒክ ደጃፍ ላይ ልጇን በነጠላ አዝላ የቆመች ራሕማ የምትባል እናት ቢያገኙ፣ «ጀሶው ሲወልቅ ሕክምናው አላለቀም፤ ግማሹ ገና ነው። ግን እኔን አትስሚ፣ ውስጥ ገብተሽ ጠይቂ» ሲሏት ሰምቻለሁ። እኔም ከዚህ በላይ የምመክረው የለኝም። ለሕፃን ማዘን መልካም ነው፤ ሐዘኑ ግን ልጁ በእግሩ እንዲቆም ካላደረገ፣ የሚጠቅመው ያዘነውን ሰው ብቻ ነው።

መስከረም ላይ ዲንኪቱን ልናስመዘግብ ሦስታችን ወደ ትምህርት ቤት ሄድን። መንገዱ እኩሌታ ላይ ስንደርስ ልጅቱ ቆመችና ሁለት እጇን ዘረጋች። «አካኮ፣ ተሸከመኝ» አለች አያቷን።

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ። ይህን ለማድረግ ምን ያህል እንደተቸገሩ ከፊታቸው አየሁት።

«አልሸከምሽም» አሏት። «የራስሽ እግር አለሽ።»

ዲንኪቱ አኮረፈች። ከንፈሯን ጥላ ትንሽ ቆመችና ጥላን መሄድ ጀመረች፤ ቆይታም ፈጠነች፤ ከዚያም ኩርፊያው ተረሳና ሮጠች። ኦቦ ዋሪዮ ዱላቸውን እያስቀደሙ ሊደርሱባት ቢሞክሩ አልቻሉም።

«ቆዪኝ እንጂ፣ አንቺ ልጅ» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።