ባርኔጣዋን ያጣችው «ከ»

ክቡራትና ክቡራን! ጓዶች ማለት ነበረብኝ፤ ግን ከዛሬ ጀምሮ ጡረተኛ ነኝ፣ ማን ይቆጣኛል?

ዳቦውን ለቆረሳችሁ፣ ሻዩን ላፈላችሁ፣ ይህንንም ጥቁር ጃንጥላ ከነጅሙዲን ሱቅ ገዝታችሁ ለሸለማችሁኝ ሁሉ አመሰግናለሁ። ለዲላ ሰው ጃንጥላ መስጠት አስተዋይነት ነው። ስንብቴ በአዳራሹ ሳይሆን በዚህች ጠባብ የጽሕፈት ክፍል፣ ያውም ልክ በዘጠኝ ሰዓት ይሁንልኝ ብዬ ስለምናችሁ እሺ ስላላችሁኝም አመሰግናለሁ። «ሽማግሌው ናፍቆት ይዞት ነው» ብላችሁ ይሆናል። የምን ናፍቆት!

ጓድ ሠረቀብርሃን፣ ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ ምነው ዓይንዎን ጨፈኑ? አይ፣ ወንበሩን አያንቀሳቅሱት! እዚያ ያስቀመጥኩዎ ሆን ብዬ ነው። የጸሐፊያችን የዘነቡ ወንበር ነው። እርስዎ ከተቀመጡበት ገና አምስት ደቂቃዎ ነው፤ እሷ በዚህ የዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ፣ በዚያ መስኮት ፊት ስድስት ዓመት ተይባለች።

ሳቁ፣ ሳቁ! እኔ ግን የምቀልደው ስለተናደድኩ ነው።

«አባባ ወልደዮሐንስ፣ ወረቀቱ እኮ ነጭ እሳት ሆነብኝ» ትለኝ ነበር። የመስኮት መጋረጃ ጠየቅንላት። አራት ጊዜ፣ በእኔው እጅ ጽሑፍ። የመጣው መልስ ምን ነበር? «ጸሐፊ ከሰፊው ሕዝብ የምትደብቀው ምን አላት?»

ካቻምና መጋረጃው መጣ። ገመዱን ሲስቡት እንደ ዓይን ቆብ የሚከፈት፣ የሚከደን፣ የሚያምር ነገር። የት ተሰቀለ? ሥራ አስኪያጁ ክፍል! ከዋንዛው ሥር ያለ ክፍል፤ ፀሐይ ልግባ ብትል እንኳ ማመልከቻ የምትጠየቅበት! ታዲያ ከሰፊው ሕዝብ የሚደበቀው ማን ነው? ያኔ አልጠየቅሁም። ፈርቼ ነው። አሁን ጠየቅሁ።

ከዚያ የኅዳሩ ሰርኩላር ጉዳይ መጣ፤ መሥሪያ ቤታችን ለአሪቻና ለኢዲዶ ቡና ማጠቢያዎች የላከው። እኔ ያረቀቅሁት «በማድረቂያ አልጋ ላይ ያለ ቡና በቀትር ከፀሐይ ይጠበቅ» የሚል ነው። ዘነቡ የተየበችው «በፀሐይ ይጠበቅ» ሆነ። «ከ»ን ከ«በ» የሚለያት ምንድን ነው? አናቷ ላይ ያለችው ባርኔጣ! ያችን ባርኔጣ ይህች መስኮት በላቻት። ቡናው እንደታዘዘው ቀትር ሙሉ ተሰጥቶ ዋለ፤ ተሰነጣጠቀ።

በዘነቡ ላይ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ለመሆኑ ሰርኩላሩን አንብቦ ያረጋገጠው ማን ነበር? እኔ። እዚሁ፣ በዚሁ ሰዓት፣ ዓይኔ እያለቀሰ። የፈረመውስ? እርስዎ። በዚያ በጥላዎ፣ እዚያ ከመጋረጃዎ ሥር፣ ሳያነቡ! የእኔና የእርስዎ ማስጠንቀቂያ የት አለ?

ቡናውን በዛፍ ጥላ ሥር እናሳድገዋለን። ታጥቦ ሲሰጣ እንኳ በቀትር ይሸፈን ብለን እናዛለን። ትእዛዙን የምትተይበው ሰው ግን ትንደድ! ከቡና ታንሳለች?

ይህ ሁሉ ሳያንስ ትናንት ሥራ አስኪያጁ ክፍል ተጠራሁ። «ጓድ ወልደዮሐንስ፣ ከመሄድህ በፊት የዘነቡን ከሥራ ማሰናበቻ ደብዳቤ አርቅቅ።»

«ማን ይተይበዋል?» አልኩ።

«ሌላ ጸሐፊ አለን እንዴ? ራሷ ናት እንጂ!»

እንዲህ ያለ ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? 

ቢሆንም አረቀቅሁ። ታዛዥ ሠራተኛ ነኝ። ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው፤ ላንብበው፦ «የመስኮቱ መጋረጃ ከሥራ አስኪያጁ ክፍል ተነሥቶ በጽሕፈት ክፍል ይሰቀል። ለጓድ ዘነቡ የተጻፉት ማስጠንቀቂያዎች ተሰርዘዋል።» ዘነቡ ዛሬ ጠዋት፣ ፀሐይ ወደዚህ ሳትዞር ተይባዋለች። «ከ»ን አየኋት፤ ባርኔጣዋን አድርጋለች።

የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። እነሆ ብዕር፣ ጓድ ሠረቀብርሃን። የት እንደሚፈርሙ አልታይ አለዎት? አውቃለሁ። ቆይ፣ ሽልማቴን ልዘርጋልዎ። እንዲህ። አሁንስ ታየዎት?

እናንተ ደግሞ፣ ልጆቼ፣ ፈጣሪ ዓይናችሁን ያብራላችሁ። እጃችሁ አይዛል። ከተቀመጣችሁበት ወንበር በግፍ የሚያነሣችሁ አይምጣባችሁ። ለጡረታ በጤና ያድርሳችሁ፤ የልጅ ልጅ ጆሮ ለመቆንጠጥ ያብቃችሁ። የምትተክሉት ሁሉ ጥላ ይሁናችሁ።

አሜን በሉ እንጂ! እርስዎ ግን ከአሜኑ በፊት ይፈርሙ፤ ጃንጥላው እጄን እያዛለኝ ነው።