ያለቦታቸው የተሰኩት ሽቦዎች

ከመካነ ሰላም ወደ አቀስታ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ አንዲት ወጣት ኮምፒውተር ታቅፋ ተቀምጣለች። ከጎኗ ያሉት አዛውንት ወሬ ጀመሩ።

«ምን ሆኖብሽ ነው፣ ልጄ?»

«ራሴ ገጣጥሜው ማብሪያውን ብጫነው ዝም አለ፣ አባባ።»

«መብራት ሄዶ ይሆናላ።»

«እኔም እንደዚያ መስሎኝ እስኪመጣ ቁጭ አልኩ። ኋላ የጎረቤት ወፍጮ ሲፈጭ ሰማሁ። ለካ ከማብሪያው የሚመጡትን ቀጫጭን ሽቦዎች ያለቦታቸው ሰክቻቸው ኖሯል።»

«አስተካከልሻቸዋ?»

«አስተካከልኩ። ልሞክረው ስል መብራቱ የእውነት ሄደ። እስካሁንም አልመጣ።»

«ወይ ጉድ።»

«ነገ ለትምህርት ቤት ማስረከብ አለብኝ። አቀስታ መብራት አለ ሲሉኝ ልሞክረው ብዬ ተነሳሁ።»

«ይበራል፣ ኢንሻአላህ። እኔም ስንዴዬን የጫንኩት እዚያው ላስፈጭ ነው።»

አቀስታ ስንገባ እኔም አንገቴን አስግጌ በየሱቁ የበራ አምፖል ፈለግሁ።