መውጫ ያጣሁለት ደን

ፍኖተ ሰላም ካለችው የሥዕል ቤቴ በር ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል ሰቅያለሁ፤ ከዳር እስከ ዳር ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ደን ነው። ባለፈው ከጅጋ ለገበያ የመጡ አንዲት እናት ፊቱ ቆመው አልነቃነቅ አሉ። ወደውት መስሎኝ ደስ ብሎኝ፣ "እናቴ፣ አረንጓዴው እኮ ተስፋ ነው፤ ልምላሜ ነው" ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ። እሳቸው ግን ጣታቸውን በዛፎቹ መካከል እያንከራተቱ፣ "መውጫው በየት ነው ልጄ?" አሉኝ። "የምን መውጫ?" ስላቸው፣ "የወለድኩት ልጅ ጫካ ከገባ ዓመት አለፈው። እስቲ እሱ የሚወጣባት አንዲት ቀጭን መንገድ ሳልልኝ" አሉኝ።

እንዴት እምቢ ይባላል? ብሩሼን ቡናማ ቀለም ነክሬ ከታች ጀምሬ መንገዷን ማውጣት ያዝኩ። ደኑ መሐል ስደርስ እጄን ለቀም አደረጉኝ። "ተው፣ ተው! እሱ በሚወጣበት፣ እሱን የሚፈልጉት ይገቡበታል። ድፈነው!" እንዳሉኝ በአረንጓዴ ደፈንኩት። መረቁኝና ነጠላቸውን አጣፍተው ጥቂት ከሄዱ በኋላ ግን ተመለሱ።

"ታዲያ ልጄ በየት በኩል ይመጣልኛል?"

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏቸው ነበር?