ከአሸንዳው ሥር ያለው ቄጠማ

ጡረታ የወጡት ግንበኛ የተቦካ ሲሚንቶ በባልዲ አንጠልጥለው ወደ ወንድማቸው ግቢ ሲገቡ፣ መምህርት የሆነችው የወንድማቸው ልጅ በሩ ላይ ገጠመቻቸው። እሷ ትምህርት ቤት ናት ብለው ነበር የመጡት። እኚህ ሰው ሊሾ ያልሆነ መሬት ሲያዩ እጃቸውን ይበላቸዋል።

"ባልዲው ወዴት ነው፣ አጎቴ?"

"ከአሸንዳው ሥር የተከልሽውን ቄጠማ ልደፍንልሽ። 'ተምራ መጥታ ግቢውን ጫካ አደረገችው' እያለ ጎረቤቱ አፉን ከፈተብን እኮ!"

ልጅቷ ከነጫማዋ ቄጠማው መሃል ገብታ ቆመች። "እንግዲያው እኔንም አብረው ይድፈኑኝ።"

"አንቺ ልጅ፣ አትድፈሪኝ!"

"አልደፈርኩዎትም፤ ግን ንቅንቅ አልልም። ጫካው የታለ? ዳር ዳሩን እከረክማለሁ፣ የደረቀውን እለቅማለሁ። መሃሉን የምተወው ወፎች ጎጆ ስለሚሠሩበት ነው። ደግሞ የዚሁ አገር ተክል ነው፤ ድርቁንም ዝናቡንም ያውቀዋል።"

"ትንኙስ?"

"ትንኝ የሚፈላው በቆመ ውሃ ነው። እስቲ ውሃ ያፍስሱና የሚቆም ከሆነ ይድፈኑት! ከዚያ እዚሁ ጎን፣ በራስዎ ግቢ ሊሾ ላይም ያፍስሱ።"

ሊያሳፍሯት ቆርጠው ውሃ ቀዱ። ቄጠማው ሥር የደፉትን መሬቱ ወዲያው ጠጣው። ወደ ጎን፣ ወደ ገዛ ግቢያቸው ተሻግረው ሊሾው ላይ ሲደፉ ግን ውሃው በቀጥታ ወደ መኝታ ቤታቸው ግድግዳ ሄደና እግሩ ሥር ተኛ። ያ ግድግዳ በለሰኑት ቁጥር ያብጥና ይላጣል። እሳቸውም ሲሚንቶውን፣ አሸዋውን፣ ሻጩን ሲረግሙ ኖረዋል። ለካ ጥፋቱ የእጃቸው ሥራ ነው! ግንበኛን እንዲህ ያለ ነገር አጥንቱ ድረስ ያመዋል።

ተመልሰው ሲመጡ ልጅቷ አሁንም እዚያው ቆማለች።

"ውጪ በቃ፣ ረግጠሽ አትጨርሽው፤ ከሥሩ ከፍለሽ ለእኔም ስጪኝ" አሏት።

በማግስቱ ሊሾአቸውን በዶማ ሲፈነቅሉ ያ ሐሜተኛ ጎረቤት በአጥር አጮልቆ ሳቀ። "ጋሼ፣ እርስዎም ጫካ ሊያበቅሉ ነው?"

"አዎ ላበቅል ነው! ግድግዳዬ ይደርቃል፣ ዝናቡ መሬት ይገባል፣ ወፉ ጎጆ ያገኛል፣ እንቁራሪቱም ትንኙን ይለቅምልኛል። ዳሩን በድንጋይ አሳምሬ እከበዋለሁ፤ ያልወደደ ዓይኑን ይጨፍን።" ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አደረጉ። "አንተ ግን ምን ያስቅሃል? ያንተንም ግቢ ሊሾ ያደረግሁት እኔ አይደለሁ? በል በሩን ክፈት፣ መጣሁ።"