ሰባት ዓመት ወደ ኋላ የሚመልስ ፕሮግራም

እማማ አበሩ ከዳባት ድረስ መጥተው ደባርቅ የምሠራበት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ገቡ። ለባለቤታቸው ለአያ ታፈረ ሙት ዓመት የጥሪ ወረቀት ሊያስጽፉ ነው፤ ሚኒባሱ ሳይሄድባቸው እንድጨርስላቸውም ለመኑኝ። ባለቤታቸው ያረፉበትን ቀን ጨምሬ አንዱን ጥሪ ጻፍኩ፤ በአንድ ገጽ አራት እንዲወጣ ኮፒ አድርጌ ሦስት ጊዜ ለጠፍኩት። አትሜ ስሰጣቸው አንድ በአንድ አነበቡት።

«ልጄ፣ አንደኛው ልክ ነው። ሦስቱ ግን አያ ታፈረን ሰባት ዓመት አስቀድመው ቀብረውታል።»

እውነታቸውን ነው። አጥፍቼ እንደገና ኮፒ አደረግኩ፤ ያው ሰባት ዓመት። የጻፍኩት ልክ ሆኖ የለጠፍኩት እንዴት ይሳሳታል?

«ይህ ዕቃ ከእሱ ጋር ምን ቂም አለው?» አሉ።

ያኔ ትዝ አለኝ። ለአስጎብኚዎች ስጽፍ የፈረንጅ ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ ሰልችቶኝ፣ ኮፒ የተደረገውን ጽሑፍ እያነበበ ቀኑን የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ቀኑ ቀድሞም የእኛ ይሁን አይሁን አያጣራም። ዘጋሁትና ጥሪውን አስተካክዬ፣ ይቅርታ ጠይቄ ሰጠኋቸው።

እማማ አበሩ ግን ከወንበሩ አልተነሡም።

«የዛሬን ቀን ብትሰጪውስ?»

«እሱንም ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰዋል፣ እማማ።»

«እስቲ ክፈችውና አሳዪኝ። ያን ጊዜ አያ ታፈረ በሕይወት አለ።»

ሚኒባሱ ውጭ ጥሩምባ ይነፋል። ፕሮግራሙን መልሼ ከፈትኩት።